የአያታችን ወስፌ

ሰው ከወላጆቹና ከአያቶቹ የሚወርሰው ሀብት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ቤትና መሬት ይወርሳል፤ ሌላው ጠመንጃ ወይም ጋሻ ይወርሳል፤ የካህን ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ዳዊቱን ከነማኅደሩ ይረከባል። ምንም የሚወርሰው የሌለ ሰው ቢኖር እንኳ መልክና ጠባይ መውረሱ አይቀርም። እኛ የወረስነው ግን ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ፣ ወደ ገበያ ቢወጣ የሁለት ስኒ ቡና ዋጋ የማያወጣ አንድ ወስፌ ነው። ከእርሱም ጋራ ክዳኑ ተጀምሮ ያላለቀ አንድ ሙዳይ ደርሶናል። ስለዚህች ትንሽ ዕቃ ብዙ ቃል ብናበዛ አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እንለምናለን። በብዕራችን የምንሠራውን ሥራ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ከዚህ ወስፌ የተማርነው ስለ ሆነ፣ ይህን ሳንመሰክር መቅረት ዕዳ መስሎ ይታየናል።

የወስፌው ብረት ጥቁር ነው፤ ጫፉ ግን ከሥራ ብዛት የተነሣ እንደ ብር ነጥቷል። እጀታው የወይራ እንጨት ሲሆን፣ አያታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስላሻሹት በአንድ በኩል ጎድጉዷል። ጉድጓዱ በእርሳቸው አውራ ጣት ልክ የተበጀ ነው። የእኛ ጣት ወፍራም ስለ ሆነ በዚያ ቦታ ደኅና አድርጎ አይቀመጥም።

ያደግነው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በቀራንዮ ነው። ቀራንዮ በመጽሐፍ እንደምናነበው ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው፤ ትርጓሜውም የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን ከኮልፌ ጋራ ተጣምሮ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። የአያታችን ጭቃ ቤት ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ነበረ። ከደጃፉ ተቀምጦ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው የወጨጫ ተራራ ይታየዋል። አያታችን ጧት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ የቤቱን ሥራ ካሰናዱ በኋላ በደጃፉ መደብ ላይ ይቀመጡና ስፌታቸውን ይይዛሉ። ወር በገባ በ27 ቀን ግን የመድኃኔ ዓለም ዕለት ስለ ሆነ ወስፌያቸውን አይነኩም ነበር።

ስፌት ቀላል ሥራ የሚመስለው ሠርቶት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሣሩን ማግኘት ያስፈልጋል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ስንደዶው ይነቀላል፤ አክርማውም ከመስክና ከመንገድ ዳር ይለቀማል። ስንደዶው የስፌቱ ሆድ ነው፤ አክርማው ደግሞ በላዩ ላይ የሚጠመጠመው ነው። አክርማው በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ የሚቀለመውም ከቀለም ጋራ ይፈላና አለላ ይሆናል። ሲሰፋም እንዳይሰበር በውኃ ይርሳል። ከዚህ በኋላ ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ነጥብ ነው። ጥቂት ስንደዶ እንደ እምብርት ይጠመዘዝና ወስፌው የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ይበሳል፤ በቀዳዳው አክርማው ይገባል፤ ይጎተታል፤ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን እየወጋ ይያያዛል፤ ሦስተኛውም ሁለተኛውን። እንዲህ እያለ መሶቡም፣ ሰፌዱም፣ ሙዳዩም ያድጋል። ያለፈውን ዙር ሳይወጋ የተሰፋ ዙር ቢኖር ለጊዜው የተያያዘ ይመስላል እንጂ ዕቃው ሲነሣ ይለያያል።

ይህን ሁሉ እኛ የምናውቀው ሕፃን ሳለን ቈጣሪ ስለ ነበርን ነው። አያታችን ፊደል አልቈጠሩም፤ የሚሰፉትንም ሐረግ በወረቀት ላይ ሥለው አያውቁም። ሐረጉ ያለው በራሳቸው ውስጥ ነበር። በአንድ ወገን ዓይናቸው በስፌቱ ላይ፣ በሌላ ወገን ጆሯቸው በእኛ ላይ ሆኖ፣ እኛ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን «ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ነጭ» እያልን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቈጥርላቸው ነበር። ዙሩ እየሰፋ በሄደ ቍጥር ቀዩ ላይ አንድ ይጨመራል። መቼ እንደሚጨመር የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ግን እኛም ሳናስበው ዐወቅነው።

አንድ ቀን ማታ፣ ኩራዝ አብርተን ስንሠራ፣ እኛ እንቅልፍ ይዞን አንድ ነጭ ዘለልን። ስሕተቱ የታወቀው ከአራት ዙር በኋላ ነው። አያታችን ስፌቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው ተመለከቱትና ምንም ሳይናገሩ መተርተር ጀመሩ። የሁለት ቀን ሥራ ነበረ። እኛም አዝነን፣ «እማማ፣ ይህንን ማን ያይብዎታል?» አልናቸው። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ እኔ አይቼው የለም?» አሉን። ያን ጊዜ መልሱ አልገባንም ነበር።

አሁን ለመናገር ወደሚያሳፍረን ነገር እንመጣለን። ስለ ውርስ የሚጽፍ ሰው የወረሰውን ብቻ እየቈጠረ የበደለውን ቢሸሽግ ጽሑፉ ሙሉ አይሆንም።

ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነበረ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነን የመጨረሻውን ፈተና እንጠባበቅ ነበር። የአያታችን ዓይን ደክሞ ስለ ነበረ አረንጓዴውን ከሰማያዊው መለየት አቅቷቸዋል። ያን የሙዳይ ክዳን የጀመሩት በዚያ ጊዜ ነው። ሙዳዩ ራሱ አስቀድሞ ተሰፍቶ አልቋል። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ና እስቲ፣ ቀለሙን ለይልኝ፤ ቍጥሩንም ያዝልኝ» ብለው ጠሩን። አጠገባቸው ተቀምጠን አለላውን በመለየት ላይ ሳለን ሦስት የክፍል ጓደኞቻችን በደጃፍ መጡ። አክርማ በእጃችን እንደ ያዝን አዩን፤ አንደኛው ፈገግ አለ። እኛም ደማችን ወደ ፊታችን ወጣና አለላውን መደቡ ላይ ጥለን ተነሣን። «ይህ የሴት ሥራ ነው፤ እኛ ፈተና አለብን፤ ደግሞስ መርካቶ ሄዶ ባለ ፕላስቲኩን መግዛት አይቀልም?» ብለን በጓደኞቻችን ፊት ተናገርን።

አያታችን አልተቈጡም። ወስፌውን ከያዙበት ቀዳዳ ላይ እንደ ተሰካ ተዉት፤ ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉና ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ስፌት ነገር አንሥተው አያውቁም። ክረምቱ ሲገባ ታመሙ፤ በነሐሴ ወርም ዐረፉ። እኛ ፈተናውን አልፈን ነበር፤ ነገር ግን ይቅርታ ሳንጠይቃቸው ቀረን።

አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ ዘመድ ተሰብስቦ ዕቃቸውን ተከፋፈለ። ጀበናውን፣ ጋቢውን፣ ሙቀጫውን የሚፈልግ አልጠፋም። ያላለቀውን ክዳን ግን የፈለገ አልነበረም። አክስታችን ከነጠላው ፈትተው አወጡትና በእጃችን አኖሩት። ወስፌው እንደ ተሰካ ነበር። «ይህ የአንተ ነው። እማማ ‘ለእርሱ ስጡት፤ ቍጥሩን የሚያውቀው እርሱ ነው’ ብለው ነበር» አሉን። እኛ ሰዎች ባሉበት ማልቀስ ስላፈርን ወደ ጓሮ ወጣን። በዚያ ወራት ስንደዶው በየአጥሩ ጥግ ራሱን አውጥቶ ይታይ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠርን። ጥቂት ቈይተንም ደብዳቤ እንድናረቅ ታዘዝን። በዚያ ጊዜ መልካም ጽሕፈት ማለት ረዥም ጽሕፈት ይመስለን ነበር። «ከዚህ በላይ በተጠቀሰው ርእሰ ጉዳይ መሠረት» ብለን እንጀምርና፣ ከሌላ ደብዳቤ የተዋስነውን ቃል በቃል ላይ ደራርበን፣ አንባቢው ድካም ሲይዘው «ይህንኑ እናሳውቃለን» ብለን እንዘጋለን። ምን እንዳሳወቅን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት ባለ ጉዳይ መጡ። የሟች ባለቤታቸው የአባት ስም በአንድ መዝገብ በአንድ ፊደል፣ በሌላው መዝገብ በሌላ ፊደል ስለ ተጻፈ የጡረታ አበላቸው ቆሞባቸዋል። እኛ ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ደብዳቤው ሄዶ ተመለሰ፤ እንደ ገና ጻፍን፤ እንደ ገና ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ፣ «ልጄ፣ ጽሕፈቱስ ረዝሟል፤ የእኔ ጉዳይ ግን በየት በኩል ነው ያለው?» ብለው ጠየቁን። ፈልገን ልናሳያቸው ሞከርን፤ እኛም ራሳችን በቶሎ አላገኘነውም።

በዚያ ምሽት ቤታችን ገብተን ሙዳዩን ከተቀመጠበት አወረድነው። ከቤት ከወጣ ብዙ ጊዜ የሆነው የሣር ሽታ አሁንም ነበረበት። ውጩን ሳይሆን ውስጡን ተመለከትነው። ደኅና ስፌት ውስጡ እንደ ውጩ የጠራ ነው፤ የተንጠለጠለ ጫፍ፣ ያለ ሥራ የገባ አለላ አይገኝበትም። እያንዳንዱ ዙር ከበታቹ ያለውን ወግቶ ይዟል። ከዚያም የራሳችንን ደብዳቤ አውጥተን በዚያው ዓይን አነበብነው። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያውን አልያዘውም፤ ሦስተኛው የመጣው ከሌላ ቤት ነው። በሰዋስው ትምህርት ሐረግ የምንለው ስምና አያታችን በስፌታቸው ላይ ሐረግ የሚሉት አንድ ቃል መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልን። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለውም ጌጥ ሐረግ ይባላል። ሦስቱም ሐረጎች ከሥራቸው ከተለዩ የሚደርቁ ናቸው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ተረተርነው። ያለ ሥራ የገባውን ሁሉ አወጣን። የቀረው ዘጠኝ መስመር ብቻ ነበረ፤ ሰውየው ማን እንደ ነበሩ፣ ስማቸው በየትኛው መዝገብ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በምን እንደሚረጋገጥ፣ ምንስ እንዲደረግ እንደሚጠየቅ። ይህ ደብዳቤ አልተመለሰም። አሮጊቷም አበላቸውን ካገኙ በኋላ አንድ ቀን እንጀራና ሽሮ በአገልግል ይዘው ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። አገልግልና አገልግሎት በጆሮ ሲሰሙ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። መንገደኛ የሚሸከመው ስንቅ በአገልግል ሳይበላሽ እንደሚደርስ፣ የሰውም ጉዳይ በደብዳቤ ውስጥ ሳይፈስ መድረስ ይገባዋል ብለን ያን ቀን አሰብን።

ከዚያ ወዲህ የምንጽፈውን ሁሉ፣ ደብዳቤም ይሁን በዚህ መጽሔት የሚወጣውን የመሰለ ጽሑፍ፣ እንደ ስፌት እንጀምረዋለን። በመጀመሪያ እምብርቱን እንፈልጋለን። ከዚያም ዙሩ ዙሩን መያዙን በጣታችን እንፈትናለን። አንድ ነጭ መዘለሉን ከአራት ዙር በኋላ ብናውቅ እንተረትራለን። ሥራችን ለዚህ ምስጋና የሚገባው ሆኖ ተገኝቷል ለማለት አይደለም፤ መተርተር የነበረብንን ሳንተረትር የለቀቅነው ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ ወስፌውና ክዳኑ ከመደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጡ ዓመታት አለፉ። አንድ ዕቃ እንዲከበር መቀመጥ አለበት ወይስ መሥራት አለበት? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሐረር ከተማ እናቶች የሰፉት ስፌት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ የቤቱ ክብርና ጌጥ ነው። ያችው በጀጎል ግንብ የታጠረች ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። በአዲስ አበባም በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረውና በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው በገነተ ልዑል፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የየብሔረሰቡን የእጅ ሥራ ሰብስቦ ይዟል። ተማሪ ሁሉ ሄዶ ቢያየው ይጠቀማል። ቢሆንም ሙዚየም ዕቃውን ማኖር ይችላል እንጂ ቍጥሩን ማኖር አይችልም። ቍጥሩ የሚኖረው በሚሠራ እጅ ውስጥ ነው።

አሊስ ዎከር የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣችው አንድ አጭር ልብ ወለድ ይህንኑ ጥያቄ አንሥታለች። በታሪኩ ውስጥ አያታቸው የጀመሯቸው፣ ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ የተሰፉ ብርድ ልብሶች አሉ። ትምህርቷን ጨርሳ ከሩቅ የመጣችው ልጅ ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ትፈልጋለች፤ እቤት የቀረችው እኅቷ ግን ልትለብሳቸው ትችላለች፤ መስፋትንም ከአያቷ ተምራለች። እናትየዋ ብርድ ልብሶቹን የሰጠችው ለዚህችኛይቱ ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ የትኛዋን እንደምንመስል ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገንም፤ የእኛ ክዳን በመደርደሪያ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት መርካቶ ሄደን አክርማና አለላ ገዛን። ልጅ ሳለን ሣሩን የለቀምንበት የቀራንዮ መስክ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፤ አስፋልትም አልፎበታል። አክስታችንንም እንዲያስተምሩን ለመንናቸው። እርሳቸው አስቀድመው ሳቁ፤ ጎረቤትም ሰምቶ ሳቀ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችንም ጣታችን ተወግቶ በፕላስተር ታስሮ ሲያዩ ምክንያቱን ጠይቀው ሳቁ። ይህን ሳቅ በ2003 ዓ.ም. መቻል አቅቶን ነበር። የመጀመሪያው ስፌታችን ሰፌድ ሊሆን ተጀምሮ ምን እንደ ሆነ የማይታወቅ ነገር ሆኖ አለቀ። ሁለተኛው እንቅብ የሚመስል ሆነ። ሦስተኛውን አክስታችን በእጃቸው እያገላበጡ ካዩት በኋላ፣ «እንግዲህ የእማማን ንካው» አሉን።

ወስፌውን አያታችን ከሰኩበት ቀዳዳ ማውጣት እጅግ ከበደን። ከዚያ ቀዳዳ በፊት ያለው የእርሳቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የእኛ ነው። ባወጣነው ጊዜ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ቀረ፤ አለላውንም በዚያው በኩል አገባነው። እስከ ዛሬ አራት ዙር ሰፍተናል። መጋጠሚያው ለማንም ሰው ይታያል። የእርሳቸው ቀይ ደብዝዟል፤ የእኛ ቀይ ገና ያበራል። የእርሳቸው ዙር የጠበቀ ነው፤ የእኛ ትንሽ ላላ ይላል። አንድ ወዳጃችን አሮጌ ቀለም ፈልገን መጋጠሚያውን እንድንሰውረው መክሮን ነበር። እኛ ግን እምቢ አልን። እርሳቸው የት እንዳቆሙ፣ እኛም ስንት ዓመት ዘግይተን እንደ ጀመርን ክዳኑ ቢመሰክር ይሻላል።

ክዳኑ በሙዳዩ አፍ ልክ እንዲሆን ሦስት ዙር ይቀረዋል። ሰባት ዓመት የሆናት ልጃችን ከእግራችን ሥር ተቀምጣ ትቈጥርልናለች። ሦስት ቀይ ብላ ስትጀምር አራት መሆን ያለበትን ቦታ አንዳንድ ጊዜ እኛ ስንዘነጋው እርሷ ታስታውሰናለች።

አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ወጣቶችና መምህራን፣ በየቤታችሁ ወስፌ፣ እንዝርት፣ መቃ ብዕር ወይም ማረሻ የያዘ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይኖሩ ይሆናል። ዕቃውን ለመውረስ ጊዜ ሞልቷል፤ ቍጥሩ ግን የሚገኘው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ነው። ዛሬ ማታ ቢጠሯችሁ፣ ጓደኞቻችሁ በደጃፍ ቢቆሙም እንኳ፣ እንዳትነሡ እንለምናችኋለን።